ሟቿ ሴትዮ ዳቦ የበላችበት ፊልም

ባለፈው ቅዳሜ ሜላት «ዛሬስ አታመልጪኝም፣ ፊልም አብረን እናያለን» ብላ ያዘችኝ። ሜላት እዚህ ደሴ፣ እኔ ዘንድ ተቀምጣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ናት። እማማ የሺ እያለች ትጠራኛለች፤ ሌላ ሰው ፊት አንቱ ትለኛለች፣ ሁለታችን ብቻ ስንሆን አንቱታውን ትረሳዋለች። እኔም አላስታውሳትም። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አቆመች፣ መጋረጃውን ዘጋች፣ ቆሎ በሳህን አቀረበች። ፊልሙ የውጭ ነው። አንድ ሰውዬ ከእንቅልፉ ይነቃል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ሥራ ቦታው ይደርሳል፤ ለካ አልነቃም፣ እንደገና ይነቃል። ቤቱ ከውጭ ሲታይ ትንሽ ነው፣ ሲገባበት ግን ማለቂያ የለውም። በመጨረሻ አንድ በር ከፍቶ ወጣና ፊልሙ አለቀ።

«ሞቶ ነው ወይስ ሕልም ነው?» አለችኝ ሜላት፣ ዓይኗ በደስታ እያበራ።

«እኔ ምን አውቄ!»

«ማንም አያውቅም እኮ! ጥበቡ እሱ ነው፤ የእውነቱና የምናቡ ድንበር ይጠፋል። እንዲህ ዓይነት አይተሽ አታውቂም አይደል?»

«አይቻለሁ እንጂ። መካነ ሰላም።»

ሳቀችብኝ። መካነ ሰላም ሲኒማ ቤት ነበረ ወይ ብላ ጠየቀች፣ አልነበረም አልኳት፣ ይባስ ሳቀች። ከዚያ ስልኳ ጮኸና ወሬው በዚያው ተቋረጠ። እኔ ግን ቆሎዬን እየቆረጠምኩ እዚያው ሶፋው ላይ ቀረሁ። እነሆ ለሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ወጣቱ በየዙሩ የሚዘምትበት ጊዜ። መካነ ሰላም ያኔ የዛሬውን ያህል አልሰፋችም። ገበያው፣ የአውራጃው ጽሕፈት ቤቶች፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጥቂት ሻይ ቤትና ጠላ ቤት፣ ከዚያ ወዲያ ማሳ ነው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ይሆንና ከደሴ የሚመጣ መኪና ይጠፋል፤ ጨውና ስኳርም አብሮ ይጠፋል። አባቴ ቄስ አስናቀ ከከተማው ዳር ባለች ደብር ያገለግላሉ። እናቴ ሽታዬ የከላላ ልጅ ናት፣ በበቅሎ የመጣች ሙሽራ። ልጆቻቸው ሁለት ነን፤ እኔና ታላቄ ይርጋ። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ።

ይርጋን ብታዩት በጆሮው ትለዩታላችሁ። ጆሮው ሰፊ ነው፣ አንገቱም ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ሕፃን ሳለ ጆሮውን ታሞ በዚያው ለምዶት ቀረ። ደግሞ ሆዳም ነው፤ ስድብ አይደለም፣ ራሱም ያምናል። የዘመተ ቀን ገበያ ነበር። ልጆቹን ጭነት መኪና ላይ ሲያሳፍሯቸው እናቴ በሶ በቋጠሮ፣ ድፎ ዳቦ በነጠላ ጠቅልላ ሰጠችው። መኪናው ገና ሳይነሳ ዳቦውን ገምጦ ጉንጩ ተወጥሮ አየነው።

«ኧረ ለመንገድህ ነው የሰጠሁህ!» ብላ ጮኸች እናቴ ከታች።

«ከመንገዱ በፊት ራበኝ!» አላት። ሰው ሁሉ በእንባው መሀል ሳቀ። ከዚያ መኪናው አቧራውን አልብሶን ሄደ። እናቴ ከዚያ በኋላ ማዕድ በቀረበ ቁጥር «ዳቦውን እዚሁ ጨረሰው እኮ፣ መንገዱን ሁሉ ጾሙን ሄደ» ትል ነበር። አባቴ ሠራዊቱ ያበላዋል ይሏታል፤ ማን አምኗቸው!

ዓመት አለፈ፣ ወሬ የለም። መስቀል በዋለ ሰሞን አንድ ማለዳ በራችን ተንኳኳ። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሰው ሳይበተን፣ እህል ሳይቀመስ። እናቴ ስትከፍት የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ሁለት ሽማግሌዎችና ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ተሰልፈው ቆመዋል። ማንም ምንም ሳይል እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ሊቀመንበሩ ከክፍለ ሀገር በስልክ የደረሰ ነው አለ፤ ይርጋ አስናቀ በግዳጅ ላይ ተሰውቷል። የት እንደሆነ አልተነገረንም። ሬሳም የለም።

እኔ ምንም አልተሰማኝም። ይህን ስናገር የሚከፋው ሰው አለ፣ እውነቱ ግን ይኸው ነው። በጥቅምት ውርጭ ማለዳ ምንጭ ወርዳችሁ እጃችሁን ውኃ ስታስነኩት ጣታችሁ እንዴት ይሆናል? የራሳችሁ ነው፣ ብትነክሱት ግን አይሰማችሁም። እንደዚያ ሆንኩ። ፀጉሬን ቆረጡኝ፣ ጥቁር አለበሱኝ፣ ከሴቶቹ ጋር ደረቴን መታሁ። እጄ ይመታል፣ ውስጤ ዝም። ለቀስተኛው «የቄሱ ልጅ ዓይኗ አልረጠበም» ብሎ ሲያማኝ ሰማሁ። እትዬ ዘሀራ ብቻ ንፍሮ በሰፌድ ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና «አላህ ያጥናሽ፤ እንባ ሲፈልግ ይመጣል፣ አትጥሪው» አለችኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ከሰማሁት ማጽናኛ ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው።

ለሙታን የሚጸለየውን ፍትሐት የዚያን ዕለት ሌሎቹ ካህናት አደረሱ። አባቴ ከመካከላቸው ቆመው ነበር፣ ድምፃቸው ግን አልወጣም። ስለዚህ አርባው ላይ ራሳቸው ሊፈቱት ለደብሩ ቃል ገቡ። ተዝካሩም ያኔ ሊወጣ ተወሰነ። ጌሾ ተወቀጠ፣ ብቅል ተፈጨ፣ ጥንስሱ ተጠነሰሰ። የእናቴ ወገኖች ከላላ ድረስ ተልኮባቸው እንመጣለን አሉ። ካድሬዎቹ ተዝካር ብክነት ነው እያሉ በየስብሰባው ይሰብኩ ነበር፤ እንደማይቀር ግን እነሱም ያውቁታል፣ ሲወጣ ደግሞ መጥተው ይጠጣሉ።

የሲኒማ መኪና የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ጥቅምት ሊያልቅ አካባቢ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ገብሱ ቢጫ ሆኖ። አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ጀነሬተር ጎትታ ገባች። ሕፃን ሽማግሌው ተከተላት። በማግስቱ ጧት የቀበሌ ጥበቃው በየቤቱ እየዞረ ከየቤቱ አንድ ሰው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንዲገኝ ታዟል አለ።

«እኛ ሐዘን ላይ ነን» አልኩት።

«ሐዘንተኛም ሰፊው ሕዝብ ነው» አለኝ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፣ የተነገረውን ነው የሚያወርደው። አባቴ ሂጂና ቁጭ ብለሽ ነይ አሉኝ። ከእትዬ ዘሀራ ጋር ሄድኩ።

ፊልሙ የሚታየው በቀን ነው፤ ሰዓት እላፊ ስላለ ማምሸት አይቻልም። አዳራሹን ለማጨለም ከየቤቱ ጋቢና ብርድ ልብስ ተሰብስቦ መስኮቱ ላይ ተቸንክሯል። የማን ጋቢ የማን እንደሆነ ኋላ ላይ ጠፍቶ ስንት ሰው ተጣልቷል! ደጁ ፀሐይ ነው፣ ገብታችሁ በሩ ሲዘጋ ጨለማ። በጋቢው ቀዳዳ የምትገባ ቀጭን ብርሃን የሰው ጉልበት ላይ ታርፋለች። ፊት ለፊት ሰፊ አቡጀዲ ተወጥሯል። አዳራሹ ላብና ቅቤ ይሸታል፣ ከውጭ ጀነሬተሩ ያጓራል።

መጀመሪያ የሚታየው የምልምል ወታደሮች ሥልጠና ነው፤ አንድ ካድሬ «እውነተኛው ትግል ይህ ነው!» ይላል። ይሮጣሉ፣ አጥር ይዘላሉ፣ ከዚያ ይሰለፋሉ። ሰልፉ ሲያልፍ አንደኛው ምልምል ወደ እኛ ዞር አለ፤ ሰፊ ጆሮ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ አንገት። እትዬ ዘሀራ ክንዴን ጨመደደችው።

«ይርጋ! ወላሂ ይርጋ ነው! የሺ አየሽው?»

አይቻለሁ። ጆሮውን አይቻለሁ፣ አንገቱን አይቻለሁ። ፊቱን ግን ላየው ስል አለፈ። ደስታ መጥቶ እንዲያንቀኝ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቀጣዩን ማየት ጀመርኩ።

ቀጣዩ ነው ያ ጉደኛ ፊልም። ከአንዱ ወዳጅ የሶሻሊስት አገር የመጣ ነው አሉ፤ ቋንቋውን የሚያውቅ የለም፣ ትርጉምም የለውም። ካድሬው ድምፅ ማጉያ ይዞ ከአቡጀዲው ጎን ቆሞ ያስረዳል፣ እሱም አልገባውም። መጀመሪያ በበረዶ ላይ አንዲት ሴትዮ ትቀበራለች። ባሏና ልጆቿ ቀብረዋት ወደ ቤት ይመለሳሉ፣ ገበታ ይቀርባል። ከዚያ የልብስ ሣጥኑ ይከፈትና ሴትዮዋ ከውስጡ ትወጣለች። ትመጣና ወንበሯ ላይ ቁጭ ትላለች። ማንም አይደነግጥም። ማንም ምንም አይጠይቃትም። ባልየው ዳቦውን ይቆርስና የመጀመሪያዋን ቁራሽ በእጇ ይሰጣታል፣ ትበላለች። ደግሞ የመኝታ ቤቱ በር ሲከፈት ፈረስ ቆሟል። የጓዳው በር ሲከፈት ባሕር ነው።

ካድሬው አንገቱን ሲያክ ቆይቶ «ይህ… ይህ የቡርዧው መደብ ቅዠት ነው!» አለ። ሜላት ያን ካድሬ ብታገኘው ኖሮ እንዴት በተወያዩ ነበር እላለሁ።

ሕዝቡ ግን ምኑም አልገረመውም። ፈረሱ ሲታይ ከኋላዬ የተቀመጠ ገበሬ «በረዶ አይደል እንዴ ውጭው፣ የት ያሳድሩት?» አለ። እውነቱን ነው፤ በኛ አገር በቅሎና ጥጃ ከሰው ጋር ነው የሚያድረው። ሴትዮዋ ዳቦ ስትበላም ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ጉድ አላሉም። ጉድ የተባለው ባልየው በሰው ፊት ሲስማት ነው፤ ያኔማ አዳራሹ በነጠላ ፊቱን ሸፈነ።

ቤት ስንደርስ የተናገረችው እትዬ ዘሀራ ናት። እናቴ አልተነሳችም፣ አልጮኸችም፤ አባቴ ግን መቋሚያቸውን ይዘው ቆሙ። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

«አንቺስ? እሱ ነው?»

«አንገቱ የሱ ነው አባዬ። ፊቱን አላየሁትም።»

በማግስቱ ፊልሙ ለገጠር ገበሬ ማኅበራት ይደገም ነበርና አባቴና እናቴ ከኔ ጋር ገቡ። የደብር ቄስ ሲኒማ ሲገባ ሰው ምን ይል ይሆን ብለው አልተጨነቁም። ከፊት ተቀመጥን። ምልምሎቹ ሮጡ፣ ዘለሉ፣ ተሰለፉ፤ ያ ልጅ ዞር አለ። አባቴ ካባቸውን ሰብስበው ብድግ አሉ። «እሱ ነው። ልጄ ነው። ተመስገን!» እያሉ ሰውን በጨለማ እየረጋገጡ ወጡ። በሩ ሲከፈት ብርሃን ገብቶ አቡጀዲው ነጣ፣ ሕዝቡ አጉረመረመ። እሳቸው ቀጥ ብለው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ምስጋና ማድረሳቸውን ኋላ ሰማን። እናቴ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ጉደኛውን ፊልም ከመቃብሩ እስከ ባሕሩ ቁጭ ብላ አየችው። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። አባቴ ግማሹን አዩ፣ እናቴ ሙሉውን።

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። ጥንስሱን አቁሙ አሉ። «ለሕያው ሰው ፍትሐት አይፈታም። ለሕያው መፍታት መግደል ነው። ከላላም ሰው ይላክ፣ እንዳይመጡ።»

እናቴ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ ነበር። «ሞቷል» አለች።

«ምን?»

«ሳይጨርሱ ወጡ እንጂ ሞቷል። ከሰልፉ ዞር አለና ሄደ። ከዚያ ሰዎቹ በበረዶ ቀበሩ። ያ ቤት መጣ። ያቺን የተቀበረችዋን ከመሀላቸው አስቀመጧት፣ ዳቦ ቆርሰው ሰጧት። ለሷ ሰጧት፤ ለልጄ ማን ይስጠው? ዳቦውን እንደሆነ እዚሁ ጨርሶት ነው የሄደው።»

አባቴ ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩ። «እማዬ፣ እሱ ሌላ ፊልም ነው። ሁለት ናቸው» አልኳት።

«እንዴት ነው ሁለት? አንድ አቡጀዲ ላይ አይደለም እንዴ?»

«አዎ ግን…»

«በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ጊዮርጊስን ከወዲህ ሲሰይፉት፣ ከወዲያ በነጩ ፈረስ ላይ ሆኖ ይታያል። ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ‹ሁለት ሰው ናቸው ወይ› ብዬ ጠየቅኩዎት። ‹አንድ ነው፤ አንድ ግድግዳ፣ አንድ ታሪክ› ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? እሱን ያመንኩ ይህን ለምን አላምን?»

አባቴ ዘመናቸውን ሁሉ ሥዕል እያሳዩ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መልስ ግን አጡ። እኔም ብሆን በትምህርት ቤት ከተማርኩት ሁሉ ለዚህ የሚሆን ነገር አልነበረኝም። ጭንቁ ይገባችኋል አይደል? ይርጋ ሕያው ከሆነ ፍትሐቱ በራሱ አባት አፍ ሞት መጥራት ነው። ሞቶ ከሆነ ደግሞ ባይፈታለት ነፍሱ ያለ ስንቅ ትቀራለች። መሀል መንገድ የለውም። አርባውም ደርሷል።

የፊልሙ ሠራተኛ ሻይ ቤት ምሳ ሲበላ አባቴ እኔን አስከትለው ሄዱ። ሰውዬው ቄስ ሲያይ ተነሳ፣ መስቀል ተሳለመ።

«ልጄ፣ ያ የወታደሮቹ ሥዕል መቼ የተነሳ ነው?»

«እኔ ማሳየት ነው ሥራዬ አባቴ። ሣጥኑ ተዘግቶ ነው የሚሰጠኝ።»

«የቆየ ይሆን?»

«ይሆናል። አፈር ስሆን አባቴ፣ አላውቅም። በየአገሩ ልጄን አየሁ የሚለኝ አለ።» እንጀራውን እየጠቀለለ አንገቱን ደፋ። «አንድ ቀን ሳላሳይ የቀረሁበት የለም፣ አንድ ቀንም ልጄን አየሁ ሳልባል የቀረሁበት የለም።»

ከአባቴ ጋር ወደ ቤት ተመለስን። ነፋሱ ገብሱን ያወዛውዘዋል፣ እሳቸው መቋሚያቸውን እየጎተቱ ይሄዳሉ። ቤት ሲደርሱ እናቴን «ጥንስሱ ይቀጥል» አሏት። በቃ፣ ይኸው ነው።

አርባው ወጣ። የከላላ ሰዎች በበቅሎ ደረሱ፣ ዳስ ተጣለ፣ እትዬ ዘሀራና ባሏ ለሙስሊሞቹ እንግዶች ለብቻ አሰናዱ። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ልጃቸውን ፈቱ። ስሙ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፣ እንደገና ጀመሩ፣ ጨረሱት። እናቴ የድፎውን የመጀመሪያ ቁራሽ ቆርሳ ባዶ ቦታ ላይ አስቀመጠች። ያን ሁሉ አየሁ። ጠላ ቀዳሁ፣ ሳህን አጠብኩ፣ እንግዳ ሸኘሁ። ምንም አልተሰማኝም።

ዓመታት አለፉ። ትምህርቴን ጨርሼ፣ አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ፣ ለዕረፍት ስመጣ ነው ደርግ የወደቀው። ሰኔ መግቢያ ላይ የተበተነ ወታደር በየመንገዱ ይፈስ ነበር፤ ካፖርቱን ለአንድ እንጀራ የሚሸጥ፣ ባዶ እግሩን የሚሄድ። አንድ ከሰዓት በኋላ ካፊያ እየጣለ የእትዬ ዘሀራ ጩኸት ተሰማ። ወጣሁ። ይርጋ በራችን ላይ ቆሟል። ከስቷል፣ ጢም አብቅሏል፣ አንገቱ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። ተማርኮ ነበር፤ እነዚያን ዓመታት ሁሉ ሰሜን ተይዞ ቆይቶ፣ ሲለቁት እስከ ደሴ በጭነት መኪና፣ ከደሴ ወዲህ ብዙውን በእግሩ መጥቷል።

ጎረቤት ይጮሃል፣ እልልታው ቀለጠ። እናቴ ከጓዳ ወጣች። አማተበች። ተጠጋችውና ፊቱን ዳሰሰችው፤ ስማው ታለቅሳለች ብለን ስንጠብቅ «ግባ፣ ቁጭ በል» አለችው። ገባ። ዳቦ አመጣች፣ ቆረሰች፣ የመጀመሪያዋን ቁራሽ በእጁ ሰጠችው። አልጮኸችም። የት ነበርክ አላለችም። እሱ ይበላል፣ እሷ ቁጭ ብላ ታየዋለች። ያን ገበታ የት እንዳየሁት ወዲያው አወቅኩ፤ ወንበሩና በረዶው ብቻ ነው የጎደለው።

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተጠርተው መጡ። መስቀሉን ሊያሳልሙት አንስተው መልሰው አወረዱት።

«ፈትቼሃለሁ ልጄ። ሞተሃል ብለውኝ ፈትቼሃለሁ።»

ይርጋ ጉንጩ እንደተወጠረ ሳቀ። «ታዲያ ልመለስ ወይ አባዬ?»

ቤቱ በሳቅና በለቅሶ ፈረሰ። አባቴም ሳቁ፣ በኋላ ግን ተጨነቁ። ሌላ ይርጋ አስናቀ ነበረ ማለት ነው፤ የስም ነገር። የሱ ቤተሰብ ልጃችን ይመጣል እያሉ ይጠብቁ ይሆናል። አባቴ ነገሩን ይዘው ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ፣ ቀኖና ተቀበሉ። ሲመለሱ «ፍትሐቱ ለዚያ ለማናውቀው ልጅ ይድረስለት» አሉኝ። እስከ ዕለተ ሞታቸው ያን የማናውቀውን ይርጋ በጸሎታቸው አስበውታል።

እኔ ይርጋን ለብቻው ሳገኘው ምልምል ሳለህ ፊልም ተነስተህ ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «እኔን? ደግሞ እኔን ማን ይረባኛል ብሎ ያነሳኛል!» አለኝ። ያ ልጅም እሱ አልነበረም። እንግዲህ አስቡት። በስልክ የመጣው ሞት ውሸት፤ እኔና አባቴ ያየነው፣ ካድሬው እውነተኛው ትግል ነው ያለው ሥዕል ለኛ ውሸት። ቅዠት ነው የተባለው ብቻ ነው የቤታችን እውነት ሆኖ የመጣው።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ይርጋ አገባ፣ ወለደ፣ አረሰ፤ እሷ ግን የሞተ ልጇን እንደምታበላ ነበር የምታበላው። የትኛውም ገበታ ይሁን፣ የመጀመሪያዋን ቁራሽ በእጁ ሳትሰጠው አፏ አይከፈትም። ስለ ምርኮው አንድ ቀን ጠይቃው አታውቅም፤ የሞተ ሰው የት ነበርክ አይባልም። እሱ ፊልሙን አላየም። ፍቅር ነው ብሎ ነው የኖረው፤ «እናቴ እኮ እንዴት ነው የምትወደኝ!» እያለ በገበያ ሲያወራ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ምን ብዬ ልንገረው? ደግሞ ፍቅር አይደለም የሚለኝ ማን ነው? ልትሞት ስትል ደሴ ሐኪም ቤት ነበርን፤ ክንዴን ይዛ ያለችኝ ይህን ነው። «ይርጋ ሲመጣ ባዶ እጁን እንዳይቀመጥ። አንቺ ስጪው፤ እኔ ከሄድኩ የሚያውቅ የለም።» እሺ አልኳት። ስትሞት አላለቀስኩም። እትዬ ዘሀራ እንባ ሲፈልግ ይመጣል ያለችኝን አሁንም እጠብቃለሁ፤ ፀጉሬ ነጥቷል፣ እሱ ግን አልመጣም።

ሜላት የይርጋ የመጨረሻ ልጅ ናት። እሱም ሰሞኑን ለዓይኑ ሕክምና ከመካነ ሰላም መጥቶ እኔ ዘንድ ነው ያለው። ቅዳሜ ያን ፊልም ስናይ ጓዳ ተኝቶ ነበር። ሜላት ስልኳን ጨርሳ መጋረጃውን ስትከፍት ዓይኑን እያሻሸ ወጣ፣ እኔ አጠገብ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። የልጅቷ ወሬ ገና አላለቀም፤ «አባዬ አምልጦሃል! ሰውዬው ሞቶ ይሁን በሕይወት ይሁን ሳይታወቅ አለቀ እኮ!» አለችው።

ምሳ ቀርቦ ነበር። አምባሻውን አነሳሁ፣ ቆረስኩ፣ ቁራሿን በእጁ ሰጠሁት። ይርጋ ተቀበለኝ፣ ገመጠ፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ወደ እኔ ዞረ።

«ሞቷል እንዴ ሰውዬው?» አለኝ።

«ብላ» አልኩት።